ሜጋው ሳይቀንስ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል? ስለ ራውተር ወረፋ

ማታ ነው። ቤት ውስጥ አንዱ ትልቅ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እየጫነ ነው። ሌላዋ ደግሞ ዱባይ ካለች እህቷ ጋር ቪዲዮ ኮል ላይ ናት። ድንገት ምስሉ ቀጥ ይላል። ድምፁ ይቆራረጣል። "ሃሎ? ይሰማሻል?" ይጀመራል። ቪዲዮው ተጭኖ ሲያልቅ ጥሪው ወዲያው ይስተካከላል። ስፒድ ሲለካ ግን የተከፈለበት ሜጋ አልጎደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ፓኬጁ አነሰን፣ እናሳድገው" ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥሪውን የገደለው የመስመሩ ጥበት ሳይሆን መስመሩ መግቢያ ላይ የተሰለፈው ወረፋ ነው። ይህን ወረፋ የሚያስተዳድሩ ስልቶች ባለፉት 40 ዓመታት ብዙ ተለዋውጠዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ትንሽ አይደለም። በዚያው ሜጋ አንዱ ስልት ጥሪውን ያቆራርጠዋል፣ ሌላው ያለ ችግር ያስኬደዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረፋው የሚሰለፈው የት ነው?

ኢንተርኔት ላይ የምንልከው ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይጓዛል። ፎቶም ይሁን ድምፅ፣ የባንክ አፕ የሚልከው መልእክትም ቢሆን ያው ነው። አንድ ፓኬት ሲሞላ ብዙውን ጊዜ 1,500 ባይት ገደማ ይሆናል።

ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሊነጋገር ይችላል። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ግን ለአፕሎድ 1 ሜጋቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት እየገባ በዝግታ የሚወጣ ነገር መጠራቀሙ አይቀርም። ፓኬቶቹ የሚጠራቀሙበት የራውተሩ ሜሞሪ በፈር ይባላል።

የታክሲ ሰልፍን አስቡ። ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፤ ሚኒባስ ደግሞ በየተራ ነው የሚጭነው። ሰልፉን ተራ አስከባሪ ይዞታል። ራውተር ውስጥም እንዲሁ ተራ የሚያስከብር ፕሮግራም አለ። ይህኛው ግን አንድ ተጨማሪ ሥልጣን አለው፤ ሰልፈኛን ማባረር ይችላል። ተባረረ ማለት ፓኬቱ ተጣለ፣ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስልቶች የሚለያዩት ማንን፣ መቼ እንደሚያባርሩ ነው።

በፈሩ ቢሰፋ አይሻልም?

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ይሄ ነው። ማንም እንዳይባረር ቦታውን ማስፋት። ራውተር ሠሪዎችም ለረጅም ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ በፈሩን እየጨመሩ ሄዱ።

ውጤቱን በስሌት እንየው። 256 ኪሎባይት በፈር ያለው ራውተር አለ እንበል። ለዛሬ ዕቃ ይህ ትንሽ ነው። መስመሩ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ የሞላው በፈር በ21 ሚሊሴኮንድ (ሚሊሴኮንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው፤ 1 ባይት ደግሞ 8 ቢት) ይራገፋል። ማንም አያስተውለውም። መስመሩ 1 ሜጋቢት ሲሆን ግን ያው በፈር ለመራገፍ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል። የቪዲዮ ኮሉ ፓኬት ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ከሰልፉ ጀርባ ስለምትቆም እሷም 2 ሰከንድ ትጠብቃለች። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ባይቆይ ይመረጣል ይላል። 2 ሰከንድ የዚያ ከ13 እጥፍ በላይ ነው።

ይህን አደጋ ጆን ኔግል የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ገና በ1985 ጽፎታል። ማቆያው ወሰን ባይኖረው እንኳ መጨናነቁ አይፈታም፤ ፓኬቶቹ ሰልፍ ላይ እያሉ ጊዜያቸው አልፎ ይበላሻሉ ብሎ አሳየ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ገደማ፣ ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ የቤቱ ኢንተርኔት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ሲመረምር ያው ችግር በየሞደሙና በየራውተሩ ተቀምጦ አገኘው። ለችግሩ በፈርብሎት የሚል ስም ወጣለት። ያበጠ በፈር እንደማለት ነው።

ፓኬት መጣል ጥፋት አይደለም?

አይደለም። ይህን ነጥብ ያልያዘ ሰው የቀረውን ሊረዳው አይችልም።

አብዛኛው ዳታ የሚጓዘው ቲሲፒ በተባለ የመነጋገሪያ ደንብ ነው። መንገዱ ስንት እንደሚችል ለቲሲፒ የሚነግረው የለም። ስለዚህ እየሞከረ ይሄዳል። ትንሽ ይልካል፤ ደረሰ ሲባል ይጨምራል፤ አሁንም ይጨምራል። አንድ ፓኬት ሲጠፋበት "መንገዱ ሞልቷል ማለት ነው" ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የጠፋውንም መልሶ ይልካል። ለላኪው የተጣለ ፓኬት መልእክት ነው። ቀስ በል የሚል መልእክት።

ይህ ጥንቃቄ ባልነበረበት ዘመን የሆነውን እናውቃለን። በጥቅምት 1986 በሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው የዳታ ፍሰት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁሉም ላኪ የጠፋበትን ፓኬት ደጋግሞ እየላከ መንገዱን ዘጋው። ቫን ጃኮብሰን የተባለው የኔትወርክ ተመራማሪ ከማይክል ካረልስ ጋር ሆኖ መፍትሔውን በ1988 አሳተመ፤ የዛሬው ቲሲፒ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በዚያ ምክንያት ነው።

አሁን ሰፊውን በፈር ከዚህ ጋር አያይዙት። በፈሩ እስኪሞላ ፓኬት አይጣልም። ፓኬት ካልተጣለ ላኪው አይሰማም። ሳይሰማ ይጨምራል። ሰፊ በፈር የሚጎዳው ሰልፍ ስለሚያስረዝም ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውንም ስለሚያዘገይ ነው።

ታዲያ ራውተሮች እንዴት ይጥላሉ?

የመጀመሪያው ስልት ቀላል ነው፤ ቦታ እስካለ ተቀበል፣ ሲሞላ አዲስ የመጣውን ጣል። ስሙ ድሮፕ ቴል ነው። ዛሬም ምንም ያልተስተካከለ ዕቃ ላይ በብዛት ያለው ይሄው ነው። ሰልፉን ሁልጊዜ ሙሉ ያደርገዋል። ሌላም ጣጣ አለው። በፈሩ ሲሞላ የብዙ ላኪዎች ፓኬት በአንድ ጊዜ ይጣላል። ሁሉም አብረው ይቀንሳሉ፣ መስመሩ ባዶ ይቀራል፣ አብረው ይጨምራሉ፣ እንደገና ይሞላል።

በ1993 ሳሊ ፍሎይድና ቫን ጃኮብሰን ሬድ የተባለውን ስልት ይዘው መጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እስኪሞላ ለምን ይጠበቃል? ሬድ የሰልፉን አማካይ ርዝመት ይከታተላል። ሰልፉ ከታችኛው ወሰን ካነሰ ማንንም አይነካም። ወሰኑን ካለፈ አልፎ አልፎ በዕጣ አንድ አንድ ፓኬት ይጥላል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ዕጣው ይበዛል። ላይኛውን ወሰን ካለፈ ሁሉንም ይጥላል። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደረሰ፤ ላኪዎችም በአንድ ጊዜ መደናገጣቸው ቀረ።

ችግሩ ቁጥሮቹ ነበሩ። ታችኛው ወሰን ስንት ይሁን? ላይኛውስ? ዕጣው? አማካዩ በምን ፍጥነት ይሰላ? ለአንድ መስመር ልክ የሆነው ለሌላው ይሳሳታል። ብዙ የኔትወርክ ሠራተኛ "ሳስተካክል ከማበላሽ" ብሎ ዘግቶት ተወው። የኢንተርኔትን የአሠራር ደንብ የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በ1998 ሬድ እንዲተገበር መክሮ ነበር። በ2015 ግን ምክሩን ቀየረ፤ ወረፋ በንቃት ይያዝ የሚለውን አጽንቶ፣ ሬድ ዋና ምርጫ መሆኑን አስቀረ።

ከርዝመት ይልቅ ጊዜን መለካት ምን ለወጠ?

በእኔ እምነት ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። ስልክ በጥሩ ሲግናል በሰከንድ 10 ሜጋቢት እያወረደ ነው እንበል። ወረፋ ላይ 50 ሙሉ ፓኬት አለ። 60 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ያልቃል። ሰውየው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋቢት ይወርዳል። ያው 50 ፓኬት አሁን 600 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ርዝመቱ አልተለወጠም፤ ሬድም ምንም አላየም። ተጠቃሚው ግን አሥር እጥፍ ዘግይቶበታል።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተባለውን ስልት አወጡ። ኮድል ሰልፈኛ አይቆጥርም። እያንዳንዱ ፓኬት ሲገባ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ሲወጣ ስንት እንደቆየ ያያል። ድንገት መጥቶ የሚራገፍ ሰልፍ ጤነኛ ነው፣ አይነካውም። የሚያሳስበው የማይጎድል ሰልፍ ነው። ለ100 ሚሊሴኮንድ ያህል የቆይታው ዝቅተኛ እንኳ ከ5 ሚሊሴኮንድ ሳይወርድ ከቀረ አንድ ፓኬት ይጥላል። ላኪው ካልሰማ ሁለተኛውን ከ100 ሚሊሴኮንድ በኋላ፣ ቀጣዩን 71 ገደማ፣ ከዚያ 58፣ ከዚያ 50 ቆይቶ ይጥላል። ማስጠንቀቂያው እየተጠጋጋ ይሄዳል። ቆይታው ሲስተካከል ያቆማል።

5 እና 100 የተባሉት ቁጥሮች ለአብዛኛው መስመር ሳይነኩ ይሠራሉ። የሬድ ፈተና የነበረው ማስተካከል ቀረ ማለት ነው። በጣም ቀርፋፋ መስመር ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1 ሜጋቢት አንድ ሙሉ ፓኬት ለመውጣት ብቻ 12 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል፤ 5 ሚሊሴኮንድን ማሟላት አይቻልም። እዚያ ወሰኑን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

በ2013 ደግሞ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ባለሙያዎች ፓይ የተባለውን አቀረቡ። እሱም ጊዜን ነው የሚያየው፤ ግን የቆይታውን ግምት ይዞ ፓኬቱ ሲገባ በዕጣ ይጥላል። ዒላማው 15 ሚሊሴኮንድ ነው። ለዕቃው ቀለል ስለሚል የኬብል ሞደሞች ላይ ገባ። ኮድል ወይስ ፓይ የሚለው ክርክር ብዙ ተጽፎበታል። ለተራ ተጠቃሚ ግን ሁለቱም ከድሮፕ ቴል ጋር ሲነጻጸሩ የሰማይና የምድር ያህል ይሻላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያን ያህል አይሰማም።

አንድ ሰልፍ ለምን? ብዙ ቢሆንስ?

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ አንድ ሰልፍ ነው የሚያስተዳድሩት። ቪዲዮ የሚጭነውና ቪዲዮ ኮል የምታደርገው እዚያው ናቸው። ሰልፉ ቢያጥርም ከባዱ ጫኝ አብዛኛውን ቦታ ይይዛል።

ሌላው መንገድ ሰልፉን መክፈል ነው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ሰልፍ ይሰጠውና ራውተሩ ከየሰልፉ በየተራ ያወጣል። ይህንንም መጀመሪያ ያነሳው ኔግል ነው፣ በዚያው በ1985። በ2012 ከኮድል ጋር ተጣምሮ ኤፍኪው-ኮድል ሆነና ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ውስጥ ገባ። ግንኙነቶቹን ለ1,024 ሰልፎች ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ሰልፍ ላይ ኮድል ይቆማል። አዲስ ለመጣና ትንሽ ብቻ ለሚልክ ግንኙነት ቅድሚያ ይሰጣል። የድምፅ ጥሪ፣ የጌም ትእዛዝ፣ የድረ ገጽ አድራሻ መጠይቅ ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ማንም "ይህ ቪዲዮ ኮል ነው" ብሎ ሳይነግረው ጥሪው ያልፋል።

እዚህ ላይ የዴቭ ታትን ስም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ይህ ሥራ ከምርምር ጽሑፍ ወጥቶ በነጻ የሚሰራጭ የራውተር ሶፍትዌር ውስጥ እንዲገባ ዓመታት ለፍቷል።

ድክመት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሃያ ግንኙነት ከፍቶ የሚያወርድ ፕሮግራም ሃያ ሰልፍ ያገኛል፤ አንድ የከፈተው ጎረቤቱ አንድ ብቻ። ቪፒኤን ስትጠቀሙ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ከውጭ እንደ አንድ ግንኙነት ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ጥሪያችሁም ዳውንሎዳችሁም አንድ ሰልፍ ውስጥ ይገባሉ። በ2018 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ኬክ የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል፤ ቀድሞ በሰው ወይም በዕቃ ያካፍልና ከዚያ በግንኙነት ይከፍላል።

ኔትወርኩ የተደበላለቀ ሲሆን ምን ይለወጣል?

ላብራቶሪ ውስጥ መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛው መንገድ ግን እንዲያ አይደለም። ከስልክ በዋይፋይ፣ ከራውተር በመዳብ ወይም በፋይበር፣ ከዚያ በባሕር ስር ኬብል፣ ማዶ ደግሞ በሞባይል ዳታ። ስልቶቹ በትክክል የሚፈተኑት እዚህ ነው።

ዋይፋይን እንውሰድ። አየሩ አንድ ነው፤ ሁሉም በየተራ ይጠቀማል። አንድ ስልክ ራውተሩ አጠገብ ሆኖ በ60 ሜጋቢት ይነጋገራል። ሌላው ሦስት ግድግዳ አልፎ በ6 ሜጋቢት። ሁለቱ እኩል አንድ አንድ ፓኬት ቢያገኙ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን የሩቁ አንድ ፓኬት የቅርቡን አሥር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሲሰላ ሁለቱም 5.5 ሜጋቢት ገደማ ያገኛሉ። ቅርብ ያለው በሩቁ ምክንያት ከ60 ወደ 5.5 ወረደ! በፓኬት ፋንታ የአየር ጊዜው እኩል ቢካፈል ቅርቡ 30፣ ሩቁ 3 ያገኙ ነበር። በ2017 ገደማ ሊኑክስ ዋይፋይ ላይ የተሠራው ማስተካከያ ይህን አደረገ። ሌላም ነገር ፈታ። ኤፍኪው-ኮድል ከላይ ቢኖርም ከሱ ስር የዋይፋይ ሾፌሩ (የዋይፋይ ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) የራሱን ድብቅ ሰልፍ ይዞ ነበር። ተራ አስከባሪው የማያየውን ሰልፍ ሊያሳጥር አይችልም። ስለዚህ ሰልፎቹን ወደ አንድ ቦታ አመጧቸው።

ሞባይል ላይ ነገሩ ይለያል። ማማው ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ሰልፍ ይይዛል፤ ጥሪያችሁን የሚያዘገየው በብዛት የራሳችሁ ዳውንሎድ ነው። ፍጥነቱም ከአፍታ አፍታ ስለሚለዋወጥ ርዝመት የሚቆጥር ስልት ዋጋ የለውም።

ርቀትም አለ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀጥታ ኬብል ቢኖር እንኳ ደርሶ መልስ 115 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ እውነተኛው መንገድ ስለሚዞር ከዚያ ይበልጣል። አጠገባችሁ ካለ ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ግን በጥቂት ሚሊሴኮንድ ይመልሳል። አንድ ሰልፍ ላይ ሲገናኙ ቅርብ ያለው ቶሎ ቶሎ ስለሚጨምር ድርሻውን ይወስዳል። ሩቁ ይጎዳል። ውጭ ያለ ዘመድ ጋር ለሚደዋወል ቤት ሰልፍን የመክፈል ጥቅሙ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ርቀት ድርሻን መወሰኑ ይቀራል።

ላኪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጎግል በ2016 ያወጣው ቢቢአር የተባለ የላኪ ፍጥነት መወሰኛ ስልት የመጀመሪያው ስሪቱ ለተጣለ ፓኬት እምብዛም አይደነግጥም። በአንድ ሰልፍ እሱን በመጣል ብቻ መግራት ይከብዳል። የራሱ ሰልፍ ሲሰጠው ግን ሌላውን አያስቸግርም።

ሳይጥሉ ማስጠንቀቅ አይቻልም?

ይቻላል። ኢሲኤን የተባለው አሠራር በ2001 ደንብ ሆኗል። ራውተሩ ፓኬቱን ከመጣል ይልቅ ምልክት ያደርግበታል፤ ተቀባዩ ለላኪው ይነግረዋል። ሁለቱም ጫፎች መስማማት ስላለባቸው መስፋፋቱ ዘገየ። በ2023 ደግሞ ኤልፎርኤስ የተባለ አዲስ ደንብ ወጣ። ምልክቱን ቶሎ ቶሎ በመስጠት ቆይታውን ወደ 1 ሚሊሴኮንድ ለማውረድ ያልማል፤ ለነባሩ ቲሲፒ ሌላ ሰልፍ ለይቶ ያስቀምጣል። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት የተባለው ኢንተርኔት አቅራቢ በ2025 ለደንበኞቹ መክፈት ጀምሯል።

ለቤት የሚሻለው የቱ ነው?

ዋይፋይ፣ ጥሪ፣ ዳውንሎድ የተደበላለቀበት ቤት ከሆነ ኤፍኪው-ኮድል ወይም ኬክ ይሻላል። እኔ ብመርጥ፣ ብዙ ሰው የሚጋራው መስመር ላይ ኬክን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ችግሩ ይህ መሆኑን አረጋግጡ። ማንም ሳይጠቀም ፒንግ (አንድ ፓኬት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ) ለኩ። ከዚያ ትልቅ ፋይል እየጫናችሁ ደግማችሁ ለኩ። 40 ሚሊሴኮንድ የነበረው 800 ከሆነ ወረፋ ነው። አንዳንድ የስፒድ መለኪያዎችም በዳውንሎድ ጊዜና በአፕሎድ ጊዜ ያለውን ፒንግ ለየብቻ ያሳያሉ።

ራውተራችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኤስኪውኤም ወይም ስማርት ኪው የሚል (እንዲህ ያለ የወረፋ ስልት የሚያበራው ነው) ካለ አብሩት። ፍጥነቱን ሲጠይቃችሁ ከለካችሁት ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ 10 ሜጋ ከሆነ 9 ጻፉ። ምክንያቱም ወረፋው እናንተ ከማታዙበት ሞደም ወይም ከድርጅቱ ዕቃ ወጥቶ እናንተ ወደምታዙበት ራውተር እንዲመጣ ነው። ከዚያ ፒንጉን ደግማችሁ ለኩ። አሁንም ካልወረደ አንድ ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከተንቀራፈፈ፣ ወረፋው ያለው ውጭ ሳይሆን ሳሎናችሁ ውስጥ ነው።